በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ የቪዲዮ ማጫወቻ አተካከልና የብልሽት አፈላለግ

ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ለትምህርት መርጃ መሣሪያነት ማዋል ለአገራችን ትምህርት ቤቶች እንግዳ ነገር አይደለም። ከ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ማሳያ አንሥቶ እስከ ቪዲዮ ካሴት፣ ከዚያም በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ እስከ ዋለውና በተለምዶ «ፕላዝማ» እስከሚባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ድረስ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ተፈራርቀዋል። መሣሪያዎቹ ቢለዋወጡም አንድ ጥያቄ ሳይለወጥ ቆይቷል፤ ይኸውም ሥዕሉን የሚያስኬደው፣ የሚያቆመውና ወደ ኋላ የሚመልሰው ማን ነው የሚለው ነው።

በፕላዝማው ትምህርት መልሱ ግልጽ ነበር። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ ለመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይሠራጭ ስለ ነበር የአምቦም ሆነ የጌዶ መምህር ተማሪው እጁን ሲያወጣ ሥርጭቱን ለማቆም አይችልም ነበር። መብራት የጠፋበት ክፍለ ጊዜም እንደ ጠፋ ይቀር ነበር። መምህራን በጊዜው ካሰሟቸው ቅሬታዎች ዋነኛው ይኸው ነው፤ ቅሬታውም፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ተገቢ ነበር። ዛሬ ግን ያው ዓይነት ትምህርት በፋይል መልክ ተቀርጾ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ መቆጣጠሪያው ወደ መምህሩ እጅ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ማጫወቻው በትክክል ከተተከለና ሲበላሽ መምህሩ ራሱ መጠገን ከቻለ ብቻ ነው። የጅባት ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሸነን ያለ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ብልሽት ከአምቦ ባለሙያ እስኪመጣለት መጠበቅ ካለበት፣ ኮምፒዩተሩ ከፕላዝማው የተሻለ ነገር አላመጣለትም።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት በሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ ነው። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው የሥርዓተ ክወና እምብርት ሲሆን፣ በእርሱ ላይ የተገነቡት እንደ ኡቡንቱና ዴቢያን ያሉት ሥርዓቶች የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅባቸው ናቸው። ለትምህርት ቤት የሚጠቅመው ሌላው ጠባያቸው ደግሞ አዲሱን የዊንዶውስ ሥርዓት ሊሸከሙ በማይችሉ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ መሥራታቸው ነው።

ሊኑክስ በትምህርት ቤቶቻችን አዲስ መጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» በተባለው ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት አምስት ሺህ ያህል ትንንሽ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነበር። እነዚህ ማሽኖች ከፋብሪካ ሲወጡ በፓተንት የተያዙትን የቪዲዮ መፍቻዎች አልያዙም ነበር። በመሆኑም «ኦግ ቴዎራ» በተባለው ነጻ ስልት የተቀረጸ ቪዲዮ ሲከፈትባቸው፣ በየገበያው የሚገኘው የተለመደው ቪዲዮ ግን አይከፈትባቸውም ነበር። ችግሩ የማሽኑ ብልሽት ሳይሆን የፈቃድ ጉዳይ ነበር። ዛሬም ብዙ መምህራን «ሊኑክስ ቪዲዮ አያጫውትም» ሲሉ የሚሰማው ከዚሁ ምንጭ በመነጨ ችግር የተነሣ ነው።

የጆንያውና የእህሉ ልዩነት

ወደ ተከላው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የቪዲዮ ፋይል ስሙ በ«ኤም-ፒ-ፎር» ወይም በ«ኤም-ኬ-ቪ» ሲያበቃ ይህ መጨረሻ የሚነግረን የጆንያውን ዓይነት ብቻ ነው። በጊንጪ ገበያ የተደረደሩ ጆንያዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ቢመስሉም ውስጣቸው ጤፍ ይሁን ስንዴ ሳይፈቱ እንደማይታወቅ ሁሉ፣ ሁለት የኤም-ፒ-ፎር ፋይሎችም በውስጣቸው ፈጽሞ የተለያየ የአጠቃለል ስልት ሊይዙ ይችላሉ። ይህ ስልት ኮዴክ ይባላል። ሥዕሉ አንድ ኮዴክ፣ ድምፁ ሌላ ኮዴክ አለው። ማጫወቻው ሁለቱንም መፍታት መቻል አለበት፤ የድምፁን ፈትቶ የሥዕሉን ካልቻለ ጥቁር መስኮት ውስጥ ንግግር ብቻ ይሰማል።

በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚያጋጥሙት የሥዕል ኮዴኮች እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ኤች 264» እና በ2013 የወጣው «ኤች 265» ናቸው። ሁለተኛው ፋይሉን ይበልጥ ያሳንሳል፤ ነገር ግን ለመፍታት እጅግ ከባድ ነው። ይህ ልዩነት ከታች ስለ መቆራረጥ በምንናገርበት ቦታ ይመለሳል።

አተካከል

በኡቡንቱ ላይ አብሮ የሚመጣው ማጫወቻ የጎደለውን መፍቻ ከኢንተርኔት ላውርድ ብሎ ይጠይቃል። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ይህ ጥያቄ ምንም አይረባም። ስለዚህ የምንመክረው መፍቻዎቹን ከራሱ ጋር ይዞ የሚመጣውን ቪ-ኤል-ሲ የተባለውን ማጫወቻ ነው። ይህ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1996 በፓሪስ የኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች ከጀመሩት ሥራ የተገኘ ሲሆን፣ ከ2001 ጀምሮ በነጻ ፈቃድ ይሠራጫል። ለደካማ ኮምፒዩተር ኤም-ፒ-ቪ የተባለው ይበልጥ ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ የሚታዘዘው በአብዛኛው በፊደል ገበታው ስለ ሆነ ለጀማሪ መምህር ቪ-ኤል-ሲ ይሻላል።

ኢንተርኔት ካለ ተከላው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ተርሚናል የተባለውን መስኮት ከፍቶ «ሱዶ»፣ «አፕት»፣ «ኢንስቶል»፣ «ቪ-ኤል-ሲ» የሚሉትን አራት ቃላት በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ በመካከላቸው ክፍት ቦታ እየተዉ መጻፍና የይለፍ ቃል መስጠት ይበቃል። (በዚህ ጽሑፍ የትእዛዞቹን ንባብ ብቻ እናመለክታለን።) ተርሚናሉን የሚፈራ ሰው ከሶፍትዌር ማእከሉ መስኮት ስሙን ፈልጎ ሊተክለው ይችላል።

ኢንተርኔት ከሌለ ግን ሥራው ማሰብን ይጠይቃል። ዘዴው ጥቅሎቹን በአምቦ አውርዶ በፍላሽ ዲስክ ወደ ትምህርት ቤቱ መውሰድ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሰናክሉ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የሥርዓቱ እትም ነው፤ ለኡቡንቱ 22.04 የወረደ ጥቅል በ20.04 ላይ አይተከልም ብሎ ማሰብ ይሻላል። ሁለተኛው የማሽኑ ዓይነት ነው። የ32 ቢት ማሽን የ64 ቢትን ጥቅል አይቀበልም። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ለ32 ቢት ማሽኖች ማዘጋጀቱን ስላቆመና ዴቢያንም በ2025 በወጣው 13ኛ እትሙ የ32 ቢት መትከያውን ስለ ተወ፣ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ትምህርት ቤት በዴቢያን 12ኛ እትም ላይ መቆየት ይኖርበታል። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ ስውር ነው። ማጫወቻው ብቻውን አይቆምም፤ ብዙ አጋዥ ጥቅሎችን ይሻል። በአምቦው ኮምፒዩተር ላይ አንዳንዶቹ ቀድመው ተተክለው ከሆነ «አውርድ ብቻ» በሚለው ትእዛዝ አይወርዱም፤ ምክንያቱም ያ ኮምፒዩተር አያስፈልጉኝም ይላል። ሸነን ሲደረስ ግን ይጎድላሉ። መንገደኛው በኪሱ ግማሽ ማጫወቻ ይዞ ይደርሳል ማለት ነው። መፍትሔው ምንም ነገር ያልተጨመረበት፣ ከትምህርት ቤቱ ማሽን ጋር አንድ የሆነ ሥርዓት ላይ ማውረድ ነው። «አፕት-ኦፍላይን» የተባለው መሣሪያ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ማሽን ላይ የጎደለውን ዝርዝር ጽፎ በፍላሽ ያስይዛል፤ አምቦ ላይ ዝርዝሩን አይቶ ያወርዳል፤ ሲመለስም ይተክላል። እርሱ ራሱ ግን በሁለቱም ማሽኖች ላይ አስቀድሞ መገኘት አለበት።

የቀኑ ጉዳይ

በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ኢንተርኔት እያለም ተከላው እምቢ የሚልበት አንድ የተለመደ ምክንያት አለ፤ እርሱም የማሽኑ ቀን መዛባት ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲ-አር 2032 የምትባለው የሳንቲም መልክ ያላት ባትሪ ስትሞት፣ ኮምፒዩተሩ ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ቁጥር ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሊኑክስ ጥቅሎችን የሚቀበለው ፊርማቸውንና ቀናቸውን መርምሮ ነው። በመሆኑም የዝርዝሩ ቀን ከማሽኑ ቀን በኋላ የሚውል ከሆነ «ጊዜው ገና አልደረሰም» በማለት ይመልሰዋል።

በአገራችን ደግሞ ይህን ስሕተት የሚያመጣ የራሳችን ምክንያት አለ። መምህሩ ቀኑን ሲሞላ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከጻፈ፣ ማሽኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ባትሪዋ ደኅና ብትሆንም ውጤቱ ያው ነው፤ ድረ ገጾችም «ምስክር ወረቀቱ ገና አልጸናም» እያሉ አይከፈቱም። የኮምፒዩተሩ ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ ሰዓቱም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ ተብሎ መሞላት አለበት። በፍላሽ ተይዘው የመጡ ጥቅሎችን በቀጥታ መትከል ግን በቀኑ መዛባት አይሰናከልም።

ብልሽትን መፈለግ

አንድ ቪዲዮ አልሠራ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው የበደለው ፋይሉ ነው፣ ማጫወቻው ነው፣ ወይስ ማሽኑ የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት ቀላል መንገድ አለ። ያንኑ ፋይል በሌላ ኮምፒዩተር ላይ፣ ሌላ ፋይል ደግሞ በዚሁ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር ነው። ፋይሉ በሁለቱም ቦታ ካልሠራ አቀዳዱ ተበላሽቶ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ፍላሹ ቅጂው ሳያልቅ ስለ ተነቀለ ነው። ሌላ ፋይል በማሽኑ ላይ በደንብ ከሄደ ችግሩ የኮዴክ ነው። ምንም ካልሄደ ማሽኑ ይመረመር። ይህን ሳይለዩ ሥርዓቱን እንደገና መጫን ጥርሱን ለታመመ ሰው እግሩን እንደ ማሰር ነው።

ማጫወቻውን ከተርሚናል ስሙን ጽፎ ማስነሣትም ይረዳል፤ ቪዲዮው ሲከሽፍ ማሽኑ ምክንያቱን በዚያው መስኮት ይጽፋልና። መልእክቱ «ኤች-ኢ-ቪ-ሲ» የሚል ቃል ከያዘ ኤች 265ን ማለቱ ነው።

ድምፅ አለ፣ ሥዕል የለም። መፍቻው ካለና ጥቁር ወይም አረንጓዴ መስኮት ብቻ ከታየ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በሥዕል ካርዱና በማጫወቻው መካከል ነው። በቪ-ኤል-ሲ የምርጫዎች መስኮት ውስጥ የሥዕል ማውጫውን ከተለመደው ወደ «ኤክስ 11» መለወጥ፣ በግብዓትና ኮዴክ ገጹም በሃርድዌር መፍታትን ማጥፋት፣ ከዚያም ማጫወቻውን ዘግቶ እንደገና መክፈት ይገባል።

ሥዕል አለ፣ ድምፅ የለም። ከፕሮጀክተር ጋር በ«ኤች-ዲ-ኤም-አይ» ገመድ በተገናኘ ኮምፒዩተር ላይ ይህ ከሁሉም የበዛ ቅሬታ ነው። ገመዱ ሥዕልንም ድምፅንም ስለሚያስተላልፍ ሊኑክስ ድምፁን ድምፅ ማጉያ ወደሌለው ፕሮጀክተር ይልከዋል። ምንም አልተበላሸም፤ ድምፁ ሌላ ቦታ ሄዷል። በድምፅ ቅንብሩ መስኮት መውጫውን ወደ ኮምፒዩተሩ ማጉያ መመለስ ይበቃል። ገመዱ ተነቅሎ በተሰካ ቁጥር ግን እንደገና መታየት አለበት።

ሥዕሉ ይቆራረጣል። እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ መምህሩ ሁልጊዜ የሚፈርደው በማሽኑ ላይ ነውና። በመጀመሪያ ፋይሉ ከፍላሽ ዲስክ በቀጥታ እየተነበበ ከሆነ ወደ ኮምፒዩተሩ ዲስክ ይገልበጥ። በዚህ ብቻ የሚቃና ብዙ ነው። ካልተቃና ኮዴኩ ይታይ። እ.ኤ.አ. ከ2015 በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች ኤች 265ን የሚፈታ የተለየ ክፍል ስለሌላቸው ሸክሙ ሁሉ በዋናው አንጎል ላይ ይወድቃል፤ ባለ 1080 መስመር ሥዕል ሲሆን ደግሞ አይችለውም። መድኃኒቱ ፋይሉን በጠንካራ ኮምፒዩተር ላይ ወደ ኤች 264፣ መስመሩንም ወደ 480 ዝቅ አድርጎ መለወጥ ነው። ሀንድብሬክ የተባለው ነጻ መሣሪያ ለዚሁ የተዘጋጀ ቅንብር አለው፤ መምህሩ ቅንብሩን መርጦ ሥራውን አስጀምሮ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል።

መስመሩን መቀነስ የጥራት ኪሳራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ፣ መስኮቱ በጋዜጣ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ሲታይ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፤ ትርፉ ግን ግልጽ ነው። አንድ የ40 ደቂቃ ትምህርት በሴኮንድ 4 ሜጋ ቢት ሲቀረጽ 1200 ሜጋ ባይት፣ በ1 ሜጋ ቢት ሲቀረጽ 300 ሜጋ ባይት ይይዛል። በአንድ ባለ 8 ጊጋ ባይት ፍላሽ ላይ በመጀመሪያው ስድስት ትምህርት፣ በሁለተኛው ከሃያ በላይ ትምህርት ይገባል።

ፍላሽ ዲስኩ አይከፈትም። ዲስኩ «ኤክስ-ፋት» በተባለው አደረጃጀት የተዘጋጀ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ በፊት የወጡ የሊኑክስ እምብርቶች ተጨማሪ ጥቅል ካልተተከለላቸው አያነቡትም። አሮጌው «ፋት 32» ደግሞ በሁሉም ቦታ ይነበባል፤ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ ፋይል ግን አይቀበልም። ከዊንዶውስ ማሽን በትክክል ሳይነቀል የመጣ ዲስክም አልከፈትም ሊል፣ ወይም ለንባብ ብቻ ሊከፈት ይችላል፤ ወደዚያው ማሽን መልሶ በሥርዓት መንቀል ይበጀዋል።

የግርጌ ጽሑፍና የቋንቋው ነገር

በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሆናል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በእንግሊዝኛ የሚነገረውን ቪዲዮ ለመከተል እንደሚቸገር መምህራን ያውቃሉ። የግርጌ ጽሑፍ እዚህ ላይ ታላቅ ረዳት ነው። መምህሩ ራሱ በተራ የጽሑፍ መሣሪያ አዘጋጅቶ፣ በ«ኤስ-አር-ቲ» መልክ፣ ከቪዲዮው ጋር በአንድ ስም በአንድ አቃፊ ውስጥ ቢያስቀምጠው ቪ-ኤል-ሲ ሳይጠየቅ ያነሣዋል።

በቁቤ የተጻፈ የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ በላቲን ፊደል ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይታያል። የአማርኛው ግን በሁለት መንገድ ይበላሻል። በፊደሎቹ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ማሽኑ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ የለውም፤ «ኖቶ» ወይም «አቢሲኒካ» የተባሉትን ነጻ የፊደል ቅርጾች መትከል ነው። ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ከታዩ ደግሞ ጽሑፉ የተቀመጠው በዩኒኮድ አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቦታ ከማግኘቱ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ መሣሪያዎች የተጻፈ ጽሑፍ በማጫወቻው ላይ አይነበብም፤ እንደገና በዩኒኮድ ተጽፎ «ዩ-ቲ-ኤፍ 8» በሚለው ምርጫ መቀመጥ አለበት። ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ ወይም ከዘገየ «ጂ» እና «ኤች» የተባሉትን ቁልፎች በመጫን ማስተካከል ይቻላል።

ማጫወቻው በክፍል ውስጥ

ከዚህ በኋላ የሚቀረው መሣሪያው ለምን እንደተፈለገ ማስታወስ ነው። ሰፊው የክፍት ቦታ ቁልፍ ሥዕሉን ያቆማል፤ «ኢ» የተባለው ቁልፍ ሥዕሉን አንድ በአንድ ያራምዳል። የሕዋስ ክፍፍልን የሚያስተምር መምህር ክሮሞሶሞቹ በሕዋሱ ወገብ ላይ በተሰለፉበት ቅጽበት አቁሞ ተማሪውን ወደ ግድግዳው ጠርቶ በጣቱ ሊያስቆጥር ይችላል። የማእዘን ቅንፎቹ ፍጥነቱን ይቀንሳሉ፣ ይጨምራሉ፤ ፈጣን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲያጋጥም በጥቂቱ ማዝገም ከግርጌ ጽሑፍ የማይተናነስ እርዳታ ነው። «ኤ-ቢ» የሚለው አዝራር በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ክፍል ደጋግሞ ያሳያል። የፕላዝማው መምህር ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም።

ከአምቦ በስተ ደቡብ በወንጪ የእሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ በምትገኝ መንደር እ.ኤ.አ. በ2012 የተደረገውን ሙከራ አንባብያን ያስታውሱ ይሆናል። በዚያችና በወለንጪቲ አካባቢ ባለች ሌላ መንደር ለሚገኙ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ያለ መምህር ተሰጥተው ነበር። ታብሌቶቹ የሚሠሩበት አንድሮይድ የተባለው ሥርዓትም በሊኑክስ እምብርት ላይ የቆመ ነው። ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ እስከ መክፈት መድረሳቸው በዓለም ዙሪያ ተወርቷል። ለእኛ ግን ከዚህ የሚበልጠው ብዙ ያልተወራለት ነገር ነው፤ ይኸውም በየሳምንቱ አንድ ቴክኒሽያን እየሄደ የማኅደረ ትውስታ ካርዶቹን ይለውጥ የነበረ መሆኑ ነው። ያ ሁሉ የተሠራው በእግርና በመኪና በሚጓዝ ካርድ እንጂ በኢንተርኔት መስመር አልነበረም። ወረዳዎቻችንም ትምህርቶችን በዚሁ መንገድ ማዳረስ ይችላሉ።

ለዕቅድ ባለሙያዎች ስለዚህ ጥቂት ነገር እናቀርባለን። በአንድ ወረዳ ያሉት ኮምፒዩተሮች በተቻለ መጠን አንድ የሥርዓት እትም ይኑራቸው፤ እንዲህ ከሆነ በአምቦ አንድ ጊዜ የወረደው ጥቅል ለሁሉም ይሆናል። የሚሠራጩት ቪዲዮዎች ሁሉ በኤም-ፒ-ፎር፣ በኤች 264 እና በ480 መስመር እንዲሆኑ አስቀድሞ ይወሰን። በየትምህርት ቤቱ አንድ መምህር በስም ተመድቦ ከላይ የተዘረዘረውን በእጁ ይለማመድ፤ የሥራ ጫናውም በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ይታሰብለት፤ ያለ ድልድል የተሰጠ ኃላፊነት የማንም አይሆንምና። በግዢ ዝርዝሩም ውስጥ ከፕሮጀክተሩና ከገመዱ ጎን፣ ለእያንዳንዱ አሮጌ ኮምፒዩተር አንድ ሲ-አር 2032 ባትሪ ይግባ።